አማልካ አዲሱን ቤት እምቢ አለች

ዛብሮዲ፣ ኦገስት 28 ቀን 1996

ለውድ የአጎቴ የልጅ ልጅ ለራዳና፣

አገር ቢያራርቀንም ሰላምታዬ መንገድ አያጣም። እግዚአብሔር የሆላንድን ባሕር ከእግርሽ፣ የሆላንድን ወጥ ከሆድሽ ያርቅልሽ። ባለቤቴ ዝዴንካ ደኅና ናት፤ ዝናብ ሲመጣ ጉልበቷ ለእሷ ይነግራታል፣ እሷ ደግሞ ለመንደሩ ትነግራለች። አማልካም ደኅና ናት። ለሌላ ሰው ብጽፍ አማልካ አውራሪስ መሆኗን ማስረዳት ነበረብኝ፤ አንቺ ግን በመካነ አራዊታችን አጥር አሾልከሽ ፖም ስታጎርሻት ያደግሽ ነሽ። ያኔ ሁለታችሁም ቀጫጮች ነበራችሁ። አንቺ እንዴት እንደሆንሽ አላውቅም፤ እሷ ግን ዛሬ የጭነት መኪና አክላለች።

አሁን የምሥራቹን ስሚ። አዲሱ የአውራሪስ ቤት አለቀ።

አሮጌውን ታውቂዋለሽ። አያቶቻችን የፈርዖን ቤተ መቅደስ አስመስለው ሲያሠሩት ሐሳባቸውን በሙሉ በውጭው ጨረሱት። ዓምዶቹ ላይ አበባ፣ በሩ ላይ ክንፍ ያላት ፀሐይ፤ ውስጡ ግን የድንች ጎተራ። ሁለት ጋጥ፣ ክንድ የሚያህል ብረት፣ ደረቅ ሲሚንቶ፣ መሐሉ ላይ የውሃ መውረጃ። ሁሉም ነገር የተሠራው ለመታጠብ እንዲመች ነው እንጂ ለመኖር እንዲመች አይደለም። ጠዋት ጠዋት በውሃ ጎማ እናጥበዋለን፤ እንግዳ ይመጣል፤ አማልካ እንግዳውን ታያለች፣ እንግዳው አማልካን ያያል፣ ሁለቱም ተሰላችተው ይለያያሉ። ሲሚንቶው እግሯን ይሰነጣጥቀዋልና ማታ ማታ ቅባት እቀባታለሁ። ለእኔ ግን ጥጉ ላይ ምድጃ አለችኝ፣ በምድጃዋ ላይ ቋሊማ ይጠበሳል፤ ስለዚህ ቤቱን ክፉ ነው ለማለት አፌ አይደፍርም።

አዲሱ ግን ሌላ ዓለም ነው። ጣሪያው መስታወት። ወለሉ እስከ ጉልበት የሚያሰጥም የተፈጨ የዛፍ ቅርፊት። የጭቃ መንከባለያ ገንዳ አለው፤ ከላይ ደግሞ ሞቅ ያለ ዝናብ የሚያዘንብ ቧንቧ። እኔና ዝዴንካ እንዲህ ያለ መታጠቢያ የለንም። በሮቹ ቁልፍ ሲነኩ በራሳቸው ይንሸራተታሉ። ሕጉም ተለውጧል፦ ከእንግዲህ ጠባቂ ከአውራሪስ ጋር አንድ ክፍል አይገባም። አሥራ አራት ዓመት ሙሉ «ፈቀቅ በይ እመቤቴ» እያልኩ ቂጧን በመጥረጊያ ስገፋ የኖርኩ ሰው፣ አሁን በብረት ማዶ ቆሜ ጫፉ ላይ ኳስ ያለበት ዘንግ እዘረጋለሁ። ኳሱን በአፍንጫዋ ስትነካ ካሮት አጎርሳታለሁ። ዳይሬክተራችን «ሥልጠና ነው» አለኝ። «ለማን?» ብዬ ብጠይቀው «ለሁለታችሁም» አለኝ።

ምረቃው በሴፕቴምበር መጨረሻ፣ በቅዱስ ቫትስላቭ በዓል ነው። ከንቲባችን ወይዘሮ ሄድቪካ ሪባን ይቆርጣሉ፣ ማርሽ ባንድ ይነፋል። አማልካን ነገ አሻግራታለሁ። በሁለቱ ቤቶች መካከል ያለው አጭር መተላለፊያ ብቻ ነው፤ ሻዬ ሳይቀዘቅዝ እንጨርሳለን።

ሰው ሁሉ ውጭ ያለ ዘመዱን ካፖርት ላክልኝ፣ ሽቶ ላክልኝ ይላል። እኔ ወሬ ብቻ ነው የምጠይቅሽ። እናንተ ጋ አውራሪሶች እንዴት ይኖራሉ?

የሩቅ ዘመድሽ፣ የቅርብ ወዳጅሽ
ቬንደሊን

*

ኦስተርቬን፣ ሴፕቴምበር 9 ቀን 1996

ለተከበሩ አጎቴ ቬንደሊን፣

ጤና ከእርስዎ አይለይ። ለአክስቴ ዝዴንካ ጉልበት ምሕረት፣ ለእርስዎ ምላስ ልጓም ይላክ እያልኩ እጸልያለሁ፤ ሁለተኛው እንደማይሰማ አውቃለሁ።

እኔ እስካሁን ጉማሬዎቹ ጋ ነኝ። ከልጅነቴ የተመኘሁት አውራሪስ ነበር፤ የደረሰኝ ጉማሬ ሆነ። ጉማሬ ጥሩ ጎረቤት ነው፣ ከውሃው እስካልወጣ። የኛም የአውራሪስ ቤት እንደ እናንተው አዲስ ነው፦ ቅርፊቱም፣ ዝናቡም፣ ባለ ኳስ ዘንጉም አለ። ሦስት ሜዳ ስላላቸው በየሳምንቱ ይለዋወጣሉ፤ ትናንት የጎረቤት የነበረው ሜዳ ዛሬ የራስ ይሆናል፣ ገብተው ሲያሸቱ ይውላሉ። በምሳ ሰዓት አጥሩ ላይ ተደግፌ አያቸዋለሁ። ሳንድዊቼን መብላት የምረሳበት ቀን አለ።

አማልካ ቤቷን እንደወደደችው አልጠራጠርም። እንዲያው ለወሬ ያህል አንድ ነገር ልጠይቅ፦ እስከ ትከሻዋ ቁመቷ ምን ያህል ይሆናል? ርዝመቷስ? የመኪና ድምፅ ያስደነግጣታል?

አክባሪዎ
ራዳና

*

ዛብሮዲ፣ ሴፕቴምበር 20 ቀን 1996

ለውድ ራዳና፣

ሰላም ለአንቺ፣ ሰላም ለጉማሬዎችሽ። የፈጠራቸው በውሃው ውስጥ ያቆያቸው።

ሻዬ ቀዘቀዘ። ብዙ ሻይ ቀዘቀዘ። አማልካ አዲሱን ቤት አልገባም ብላለች።

እንዴት መሰለሽ? በሩን እከፍታለሁ። ትወጣለች። በመተላለፊያው ልክ እንደ ሙሽራ ቀስ ብላ ትሄዳለች። ደፉ ላይ ትቆማለች፣ አንገቷን ዘርግታ ታሸታለች፣ አንድ ጊዜ «ፍፍፍ» ትላለች፣ ከዚያ ሳትዞር ወደ ኋላ ትመለሳለች። አሮጌው ቤት ገብታ ያችው ጥግዋ ላይ ትሸናለች፤ እንደ ሥራ የጨረሰ ሰው ትቆማለች።

ምክር ያልሰጠ የለም። ዝዴንካ «አዲስ ቤት ባዶ እጅ አይገባም» ብላ ዳቦ ጋገረች፤ መሐሉን ጎድጉዳ ጨው ሞላችበት፣ በጥልፍ ፎጣ አድርጋ ደፉ ላይ እንደ ደንቡ አቀረበችላት። አማልካ ዳቦውን በላች፣ ጨውን ላሰች፣ ፎጣውን አኘከች፣ አመስግና ተመለሰች። ከንቲባዋ «ቀለሙ ይሆናል» አሉ። ሩዶልፍን ታውቂዋለሽ፣ የአትክልተኞች ማኅበር ሊቀ መንበር ነው፤ በየማለዳው የአማልካን ፋንድያ በእጅ ጋሪ የሚወስደው። ዘንድሮ በዚያ ፋንድያ የክንዴን ያህል ኪያር አብቅሎ ተሸልሟል። እሱ ደግሞ «ፖልካ ንፉላት» አለ። ባንዱ ነፋ። ትሮምቦን የሚነፋው ሰውዬ ሲያያት ኖታው ጠፋበት፤ እሷ ግን ምንም አልመሰላት።

በእኔ በኩል ያጎደልኩት የለም። እንግዳ ይመጣል ብዬ ቤቱን በየቀኑ አጥባለሁ። ግድግዳውን በበረኪና፣ የብረቱን አጥር በሳሙና፤ ቅርፊቱም ሳይቀር ከተቆሸሸ ተዝቆ ወጥቶ አዲስ ይገባል። እምቢ ባለች ቁጥር በበረኪናው ላይ በረኪና እጨምራለሁ። መስታወቱ ከማንጸባረቁ የተነሳ ሁለት ወፎች ተጋጭተውበታል።

ዳይሬክተሩ ፊቱ ጠቁሯል። አሮጌው ቤት በአዲሱ ደንብ ለአውራሪስ ጠባብ ነው ተብሎ ከክረምት በፊት መዘጋት አለበት። ካልገባች «ሌላ ዝግጅት ይደረጋል» አለኝ። ሌላ ዝግጅት ማለት ምንድን ነው ስለው ጫማውን አየ።

እባክሽ የእናንተ ሰዎች እንስሳ ሲያዛውሩ ምን እንደሚያደርጉ ቶሎ ጻፊልኝ። ቁመቷ እስከ ደረቴ ነው። ግን ከመቼ ወዲህ ነው ዘመድ ጤና ጠይቆ ቁመት የሚጠይቀው? እንዲህ የሚጠይቅ የማውቀው ልብስ ሰፊና ሬሳ ሣጥን ሠሪ ብቻ ነው።

ቬንደሊን

*

ዛብሮዲ፣ ኦክቶበር 8 ቀን 1996

ለራዳና፣

ሰላምታዬ ከቀደመው ደብዳቤ ጋር ደርሶሻል፤ መልሱን ስትልኪ ለዚህኛውም ይሆናል።

ምረቃው ተፈጸመ። ቤቱ ነበረ፣ ሪባኑ ነበረ፣ ኮላች ኬኩ ተቆልሎ ነበረ፤ ያልነበረችው አማልካ ብቻ ናት። ወይዘሮ ሄድቪካ «ይህ ሕንጻ ለአውራሪሳችን የመንቀሳቀስ ነጻነት ያጎናጽፋል» ብለው ተናገሩ። አማልካም ነጻነቷን ተጠቅማ አልተንቀሳቀሰችም። እንግዳው ሁሉ ባዶ ቅርፊት ከቦ «ድንቅ ነው» እያለ አለፈ። አንዲት አሮጊት ብቻ «እንስሳው የታለ?» ብለው ጠየቁ። ዳይሬክተሩ «እየተላመደች ነው» አላቸው። አሮጊቷ «የኔም ባል ከሠርጋችን ጀምሮ እየተላመደ ነው» ብለው ኬካቸውን አነሱ።

እንግዲህ ቀልዱ እዚህ ላይ ይብቃ። ትናንት ዳይሬክተሩ ስልክ ሲያወራ ኦስተርቬን የሚል ቃል ሰማሁ። ኦስተርቬን ደግሞ ሁለት የለም።

ስለዚህ ምክሩ ቀርቶብኝ አንድ ነገር ብቻ እጠይቅሻለሁ፦ እናንተ ቤት ባዶ ጋጥ አለ ወይስ የለም?

ቬንደሊን

*

ኦስተርቬን፣ ኦክቶበር 17 ቀን 1996

ለተከበሩ አጎቴ ቬንደሊን፣

ሰላምታ ይገባዎታል፤ ይሙላልዎ፣ ይትረፍልዎ። ሦስት ደብዳቤ ጽፌ ቀድጃለሁ፤ ይህኛው ሳይቀደድ ይድረስዎ።

አዎ፣ ባዶ ጋጥ አለ። ካለፈው ወር ወዲህ ኒልስ የሚባል ወንድ አውራሪስ መጥቶልናል፤ ሁለቱ ሴቶቻችን አርጅተዋልና ዳይሬክተራችን ሚስት ይፈልግለታል። ቁመቷን የጠየቅሁት ለማጓጓዣ ሳጥኑ ነው። አማልካ ከመጣች ጠባቂዋ አንቺ ነሽ ተብያለሁ። ለዚህ ነው እጄ ደብዳቤ ላይ የከበደኝ። ለምን እንደማትገባ የማውቀውን ብጽፍልዎ አውራሪሷን ላጣ ነው፤ ባልጽፍልዎ ደግሞ እርስዎን።

አሁን ግን የሴፕቴምበሩን ደብዳቤ ትራም ላይ ደግሜ ሳነብ ብቻዬን ሳቅሁ፤ አጠገቤ የነበረችው ሴትዮ ቦታ ቀየረች። አጎቴ፣ በየቀኑ ያጥባሉ? በበረኪና?

አውራሪስ ዓይኗ ደካማ ነው፤ የምታነበው በአፍንጫዋ ነው። የፋንድያ ክምሯ የበሯ ላይ ስም ነው፣ የቤተሰብ ፎቶግራፏ ነው፣ ጎረቤት ማን እንዳለፈ የሚነግራት ጋዜጣዋ ነው። አሮጌውን ቤት በጎማ ስታጥቡት ምንም ያልሆነችው ሽታው ሲሚንቶው ውስጥ ስለገባ ነው፤ አሥራ አራት ዓመት የሸናችበትን ጥግ ጎማ አይፍቀውም። አዲሱ ቤት ደፍ ላይ ቆማ ስታሸት ግን ያገኘችው ሆስፒታል ነው። እርስዎ ደግሞ «ገና አልጸዳም» ብለው እንደገና አጠቡት።

እኛ ጋ ማንኛዋም ስትዛወር ፋንድያዋ አስቀድሞ ይገባል፣ እሷ ትከተላለች። የአክስቴ ዳቦና ጨው ለሰው ደንብ ነው፤ ለአማልካም ደንቧ ይደረግላት። ከሩዶልፍ ያስመልሱ። የዕለቱ ብቻ አይበቃም፣ ያ ሁሉ በረኪና የሚሸነፈው በክምር ነው።

ይፍጠኑ። ሳጥኑ ከኛ የሚነሣው በኖቬምበር መጀመሪያ፣ ከሙታን መታሰቢያ ቀን በኋላ ነው። ዳይሬክተራችን አብሮ ይመጣል።

ራዳና

*

ዛብሮዲ፣ ኖቬምበር 12 ቀን 1996

ለውድ፣ ለተወደደች፣ ለተመሰገነች ለራዳና፣

ሰላምታዬ ይኸውልሽ፣ በሁለት እጅ ነው። ስድስት ገጽ ብጽፍልሽ አይገርምሽ፤ ዝዴንካ «አሁንስ ቀለሙን ልትጠጣው ነው» እያለችኝ ነው።

ደብዳቤሽ እንደደረሰኝ በረኪናውን ቆለፍኩበት፤ ቁልፉንም ለዝዴንካ ሰጠሁ፣ እኔን ማመን አይቻልምና። ከዚያ መጠጥ ቤት ሄጄ ሩዶልፍ ፊት ተቀመጥኩ።

«ሩዶልፍ፣ ክምሩን መልስ።»

«የቱን ክምር?»

«የአማልካን።»

«የሰጠኸውን ትጠይቃለህ? ነገ የበላሁትን ኪያር አምጣ ልትለኝ ነው።»

«አማልካ ሆላንድ ልትሄድ ነው።»

ብርጭቆውን አስቀመጠ። «ከነፋንድያዋ?»

«ከነፋንድያዋ።»

«እንግዲያውስ ስብሰባ ይጠራ።»

ስብሰባ ተጠራ። የአትክልተኞች ማኅበር እንዲህ የተሞላው የውሃ ቧንቧው በፈነዳ ጊዜ ብቻ ነው። የበጋው ፋንድያ ከማኅበሩ ጓሮ ተከምሮ ለበልግ ይጠበቅ ነበር፤ እያንዳንዱ አባል ድርሻውን በልቡ ዘርቶበት ኖሯል። አንዱ «እኔ ጽጌረዳ አለኝ» አለ። ሌላው «አውራሪስ ሌላ ቦታ አይጠፋም» ሲል ሚስቱ «ፋንድያስ?» አለችው። ሩዶልፍ ተነሥቶ «ክምሩን ብንይዝ ለአንድ ዓመት ኪያር ይበቃናል፤ አማልካን ብንይዝ ግን ክምሩ በየዓመቱ ይተካል» አለ። በእርሻ ጉዳይ ከዚህ የጠለቀ ንግግር ሰምቼ አላውቅም። እጅ ወጣ። ባለ ጽጌረዳው ብቻ ድምፅ አልሰጠም፤ ግን ማግስቱን ጋሪ ይዞ የመጣው ከሁሉ ቀድሞ ነው።

ትናንት ዝይ የሚበላበት የቅዱስ ማርቲን ቀን ነበር፤ ከተማው ሁሉ ዝይውን ምድጃ ከቶ ጋሪውን ይዞ ወጣ። ሃያም ይሁን ሠላሳ ጋሪ አልቆጠርኩም፤ ሰልፉ ከማኅበሩ ጓሮ እስከ መካነ አራዊቱ በር ደርሷል። አንድ ጡረተኛ ጋሪ ስለሌላቸው የልጅ ልጃቸውን ጋሪ ተውሰው መጡ፤ ምራታቸው እስካሁን አታናግራቸውም ይባላል።

እኛ እየገለበጥን ሳለ በዋናው በር ወይዘሮ ሄድቪካ በአዲስ ካፖርት ገቡ። ከኋላቸው ዳይሬክተራችን፣ ከሱ ኋላ የእናንተ ዳይሬክተር፣ ከሱ ኋላ ባዶ ሳጥን የጫነ መኪና። ወይዘሮ ሄድቪካ ሪባን የቆረጡበት ወለል ላይ የተከመረውን አዩ።

«አቶ ቬንደሊን፣ ይህ ምንድን ነው?»

«የቤት ዕቃ ነው፣ ክብርት ከንቲባ። እመቤቲቱ ዕቃዋን እያስገባች ነው።»

«ማን ፈቀደ?»

«ማኅበሩ በድምፅ ብልጫ» አለ ሩዶልፍ፣ አካፋውን እንደ ጠመንጃ ይዞ።

ከንቲባዋ መቶ የሚሆን መራጭ ፊታቸው መቆሙን አስተዋሉ። መሐረባቸውን ከአፍንጫቸው አወረዱና «ይቀጥል» አሉ።

ቁልፉን ነካሁ፣ የአዲሱ ቤት በር ተንሸራተተ። የአሮጌውን በር በእጄ ከፈትኩ። አማልካ ወጣች፣ በመተላለፊያው መጣች፣ ደፉ ላይ ቆመች። አንገቷን ዘረጋች። «ፍፍፍ» አለች። እኔ ዓይኔን ጨፈንኩ፤ ያቺን «ፍፍፍ» አውቃታለሁና። ዝዴንካ በክርኗ ጎሰመችኝ። «ቬንደሊን፣ ቂጧ ብቻ ነው የሚታየኝ» አለችኝ።

ገብታለች፣ ራዳና። ቅርፊቱ እስከ ጉልበቷ እየዋጣት፣ ከንቲባም ዳይሬክተርም ሳትል፣ በቀጥታ ወደ ክምሩ። ዞረችው። በአፍንጫዋ ገለበጠችው። የበጋዋን ወሬ በሙሉ አነበበች። ከዚያ ጀርባዋን ለእንግዶቹ ሰጥታ፣ ጭራዋን ከፍ አድርጋ፣ አዲሱን ቤት መረቀችው። በኋላ እግሮቿ በተነችው፤ ከንቲባዋ ካፖርት ላይ የደረሰው ጥቂት ነው። ባንዱን ማንም አልጠራውም ነበር፣ ግን ትሮምቦን ነፊው መሣሪያውን ይዞ ኖሮ ጀመረ፤ የዚህን ጊዜ ኖታው አልጠፋበትም።

የእናንተ ዳይሬክተር ባርኔጣውን አወለቀ። «ይህን ማን አስተማራችሁ?» ብሎ በአስተርጓሚ ጠየቀኝ። «የእርስዎ ጉማሬ ጠባቂ» አልኩት። ዋሽቼ ባድንሽ እወድ ነበር፤ ግን እውነቱ አፌ ላይ ቀደመኝ። አንድ ብርጭቆ ቢራ ጠየቀ።

ዛሬ ጠዋት ስሄድ አማልካ ቅርፊቱ ላይ ተጋድማ አገኘኋት፤ በጎኗ፣ እግሮቿን ዘርግታ፣ እያንኮራፋች። ሲሚንቶው ላይ እንዲህ ስትተኛ አይቻት አላውቅም። ምድጃዬን ይዤ አዲሱ ቤት ኮሪደር ውስጥ ለመግባት ማመልከቻ አቅርቤያለሁ፤ ዳይሬክተሩ ተላመድ ብሎኛል።

አንቺን ባሰብኩ ቁጥር ግን ዝይው አይጥመኝም። ጋጥሽ ባዶ እንደቀረ አውቃለሁ፤ ባዶ ያስቀረሽውም አንቺው ነሽ። የሰው ዕቃ ባዶውን መመለስ ነውር ስለሆነ ሳጥኑ ውስጥ የሩዶልፍ ኪያር በኮምጣጤ፣ የዝይ ታፋ፣ እና ክዳኑ የታሰረ አንድ ባልዲ አለልሽ። ባልዲው ከአማልካ ነው። ሌላ የምትልከው የላትም።

አመስጋኝሽ
ቬንደሊን

*

ኦስተርቬን፣ ዲሴምበር 3 ቀን 1996

ለተከበሩ አጎቴ ቬንደሊን፣ ለአክስቴ ዝዴንካ፣ ለአትክልተኞች ማኅበር፣ እንደ ማዕረጋቸው፣

ሰላምና ጤና፣ ሳቅና ጥጋብ ለሁላችሁ ይሁን።

ሳጥኑ ደረሰ። ታፋውን በላሁ። ኪያሩን ዳይሬክተራችን ቀማኝ፤ ከዛብሮዲ ከተመለሰ ወዲህ ቢራ ያለ ኪያር አይወርድለትም። ስለ ምክሬ ቢሮው ጠርቶኝ «ለማን ነው የምትሠሪው?» አለኝ። «ለአውራሪስ» አልኩት። አሰናበተኝ፤ ከቢሮው ማለቴ ነው።

ባልዲውን ግን ባዶው ጋጥ ውስጥ አፈሰስኩት፣ እንዲያው ቤቱ የአገሬን ሽታ እንዲሸት ብዬ። ኒልስ በግድግዳው ማዶ ነበር። አጎቴ፣ ያ አውራሪስ ከዚያን ቀን ወዲህ ሰው አይደለም። ግድግዳውን በቀንዱ ያንኳኳል። ገለባ አቅርበንለት ትቶት አፍንጫውን ስንጥቁ ላይ ደቅኖ ይውላል። እንደ ወፍ ይጮሃል፤ ይህን የሚያህል ገላ ይዞ እንዲህ ያለ ቀጭን ድምፅ ከየት እንዳወጣው ሐኪማችን ሊገባው አልቻለም። ሁለቱ ሴቶቻችን ፊታቸውን አዙረውበታል።

በሳምንቱ ዳይሬክተራችን ግድግዳው ፊት ቆሞ ሲያየው ቆየ። «ሙሽራዋ ካልመጣች» አለ በመጨረሻ፣ «ሙሽራው ይሂድ።» ለእናንተው ዳይሬክተር ጽፏል፤ መልሱም መጥቷል። ኒልስ በውሰት በኤፕሪል ይላካል። ሁለቱን ቋንቋ የሚችል፣ ፍቅር የያዘውንም አውራሪስ የሚችል ጠባቂ አብሮ መሄድ አለበት ተባለ። ሲፈልጉ አንዲት የጉማሬ ጠባቂ አገኙ። ለሁለት ዓመት ነው፤ ከዚያ በኋላ ያለውን የሚወለደው ጥጃ ይወስን።

ያለ ወጉ ግን አንመጣም። የሴት ቤት ከመሄድ በፊት ሽማግሌ ይላካል። የኒልስ ሽማግሌዎች በሁለት በርሜል ተሞልተው፣ የሐኪም ማኅተም ተመቶላቸው፣ ከፋሲካ በፊት ይደርሳሉ። በክብር ተቀብላችሁ አማልካ አጠገብ አስቀምጧቸው፤ ያመጡትን መልእክት እሷ ታነበዋለች። ለአቶ ሩዶልፍም በአክብሮት ይንገሩልኝ፦ ሽማግሌ ኪያር ሥር አይቀበርም።

አክባሪዎ
ራዳና